«ገጸ ባሕርይ»፦ የአንድ የመድረክ ቃል ታሪክና የአጅባር ደጋ የቃል ሀብት

የቴአትር ሙያ ቃላት በአማርኛ የተሠሩበትን መንገድ የሚመረምር ሰው ሁሉ «ገጸ ባሕርይ» ከሚለው ጥምር ቃል ዘንድ ቆም ማለቱ አይቀርም። ቃሉ በመማሪያ መጻሕፍት፣ በጋዜጣ ሂስና በልምምድ አዳራሾች ያለ ጥያቄ ይሠራበታል። ሆኖም ስለ ትወና የተጻፈ የባዕድ ቋንቋ መጽሐፍ ለመተርጐም የተቀመጠ ሰው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይቸገራል። ደራሲው በተውኔቱ ውስጥ ያለውን ሰው፣ የዚያን ሰው ጠባይና ለተዋናዩ የተሰጠውን ድርሻ ሦስት አድርጎ ለይቶ ሲናገር፣ ተርጓሚው ሦስቱንም በአንድ ቃል እያጠቃለለ «የገጸ ባሕርዩ ባሕርይ» እስከ ማለት ይደርሳል። ድግግሞሹ ለጆሮ መክበዱ ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በተዋናዩ ላይ ነው፤ የሚታመን ሰው በመድረክ ላይ ለማቆም የሚጥር ወጣት፣ የሚሠራው ፊት ይሁን ወይስ ጠባይ ወይስ ሙሉ ሰው፣ ከቃሉ ሊረዳ አይችልም።

በዚህ ጽሑፍ የቃሉን ታሪክ ከሥሩ ጀምረን እንመለከታለን። መመልከቻ ያደረግነው ስፍራ ግን አዲስ አበባን ብቻ አይደለም። የአማራ ሳይንት ወረዳ ከተማ የሆነችው አጅባር በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ በስተ ሰሜን በበሽሎ፣ በስተ ምዕራብ በዓባይ ሸለቆ በተከበበው ደጋ ላይ ትገኛለች፤ ጎረቤቷ ቦረና ደግሞ መካነ ሰላምን ይዟል። ይህን አገር የመረጥነው የቋንቋችን ስም የተያያዘበት የጥንቱ የአማራ አገር ስም በወረዳው መጠሪያ ላይ እስከ ዛሬ ተጣብቆ በመቅረቱ ብቻ አይደለም። ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ስለ መታየቱ የሚናገሩ የአማርኛ ቃላት መድረክ የሚባል ነገር ከመምጣቱ እጅግ አስቀድሞ የኖሩበትና የተፈተኑበት አገር ስለ ሆነ ጭምር ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንፍታ። «ገጽ» በግእዝ ፊት ማለት ነው። «ባሕርይ» ደግሞ የአንድ ነገር ተፈጥሮ፣ ያ ነገር ያንን ነገር የሆነበት ምንነት ነው፤ ዕንቍንም ባሕርይ ይሉታል። ሁለቱ ቃላት ግን የተራ ንግግር ቃላት ሆነው አልኖሩም። ሊቃውንቱ የግሪክን የሃይማኖት መጻሕፍት ወደ ግእዝ ሲመልሱ «ፕሮሶፖን» የሚለውን ቃል በገጽ፣ «ፊሲስ» የሚለውን በባሕርይ ተረጐሙ። በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት ሦስትነት የሚቈጠረው በአካልና በገጽ ነው፤ አንድነት የሚነገረው በባሕርይ ነው። እንግዲህ ገጽ የሚለይ፣ ባሕርይ የሚያስተባብር ቃል ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል ማለት ነው።

ለቋንቋ ተመራማሪ የሚያስደንቀው ሌላ ነገር አለ። «ፕሮሶፖን» በግሪኮች ዘንድ ከሃይማኖት መጽሐፍ በፊት የቴአትር ቃል ነበር። ፊት፣ ተዋናዩ የሚያጠልቀው ጭምብል፣ በጭምብሉም የሚታየው ሰው፣ ሁሉም በዚህ ቃል ይጠሩ ነበር። የላቲኑ «ፔርሶና»ም እንዲሁ ከጭምብል ተነሥቶ ሰው እስከ ማለት ደርሷል። የእኛ ገጽ ከፕሮሶፖን ጋር የተገናኘው ቃሉ ጭምብሉን አውልቆ ወደ ቤተ መቅደስ ከገባ በኋላ ነው። በዘመናችን የሥነ ጽሑፍና የቴአትር መምህራን ገጽን ከባሕርይ ጋር አጋብተው ወደ መድረክ ሲያወጡት፣ ቃሉ ጥንት ወደ ተወለደበት ቤት ተመልሷል። አውቀውት ይሁን ሳያውቁት ምርጫው ያማረ ነበር። ችግሩ ያለው በመጋጠሚያው ላይ ነው። «ገጸ ባሕርይ» በግእዝ ዘርፍና ባለቤት አያያዝ «የባሕርይ ገጽ» ማለት ስለ ሆነ፣ የሚለየውን ቃል የሚያስተባብረው ቃል ጥገኛ ያደርገዋል። የምንፈልገው ግን አንድ የተለየ ሰው ነው፤ ልጅነቱ፣ ዕዳው፣ ቂሙና አካሄዱ የራሱ የሆነ ሰው።

ባሕርይ የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ለማወቅ ከደሴ በስተ ሰሜን ወዳለው ወደ ቦሩ ሜዳ መሄድ ይበቃል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በዚያ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። የክርክሩ ሥር ባሕርይና ጸጋ የሚሉት ቃላት እንዴት ይፈቱ የሚል ነበር። የተረቱት ወገኖች የከፈሉት ዋጋ ዛሬ በአንድ የሙያ ቃል ትርጕም ከምንከፍለው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ከዚያው ጉባኤ ጋር ተያይዞ የወሎ እስላም መኳንንትና ሕዝብ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ራስ፣ ንጉሥም ሆኑ። ብዙው ሕዝብ ግን እምነቱን ይዞ ስሙን ብቻ ለወጠ፤ «ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም» የሚባለው ከዚያ ዘመን የወረደ አነጋገር ነው። ስለ ባሕርይ የሚከራከሩት ሊቃውንት በቆሙበት አገር፣ ሕዝቡ ስለ ገጽ በገዛ ሕይወቱ ተማረ ማለት ይቻላል። የወሎን ሰው በመድረክ ላይ ሊያቆም የሚነሣ ደራሲም ሆነ ተዋናይ ይህን ሳያውቅ ቢጀምር፣ የሚያሳየን የወሎን ልብስ እንጂ የወሎን ሰው አይሆንም።

አሁን ሕዝቡ ወዳለው ቃል እንምጣ። በአማርኛ «መሰለ»፣ «አስመሰለ» እና «ሆነ» የሚሉ ሦስት ግሦች አሉ፤ ተመልካችም ሳያምታታ ይለያቸዋል። «አስመሳይ» ስድብ ነው። በግሪክም የቴአትር ተጫዋቹ መጠሪያ የነበረው «ሂፖክሪቴስ» በወንጌል ገብቶ በአማርኛው ግብዝ ተብሎ የተተረጐመው ቃል ነው፤ እንግዲህ ተዋናይን በአስመሳይነት መጠርጠር የእኛ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ተመልካቹ አንድን ተዋናይ ሲያደንቅ «እገሌን አስመስሎ ተጫወተ» አይልም፤ «እገሌን ሆኖ ተጫወተ» ይላል። በዚህ አባባል ውስጥ ሁለት ግሥ ተጣምረዋል። «ሆኖ» ለውጡን ይናገራል፤ «ተጫወተ» ደግሞ ለውጡ በልክ መሆኑን፣ ተዋናዩ ጨዋታ መሆኑን እንዳልረሳ ይናገራል። ዲድሮ በ18ኛው መቶ ዘመን ጥሩ ተዋናይ የሚያለቅሰው ልቡ ቀዝቅዞ ነው ብሎ ጻፈ፤ ስታኒስላቭስኪ ግን ስሜቱ እውነት ካልሆነ አላምንም እያለ ተዋናዮቹን ያስጨንቅ ነበር። የሁለቱ ሰዎች ክርክር በአማርኛ «ሆኖ ተጫወተ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጧል ብንል አናጋንንም።

የሙያ ቃላት አዘጋጆች ግን «ተጫወተ» የሚለውን ትተው «ተወነ»ን መረጡ። «ተዋነየ» በግእዝ ተጫወተ፣ ቀለደ፣ «ተውኔት» ጨዋታ ማለት ስለ ሆነ፣ ትርጕሙ ከአማርኛው ጨዋታ ጋር አንድ ነው። ምርጫው ስለ ክብር የተደረገ ይመስለናል። «ተጫዋች» ሲባል ቀልደኛም፣ ወገኛም፣ ኳስ ተጫዋችም ይሰማልና። ተዋናይ፣ ትወና፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ ቃለ ተውኔት እያለ ቤተሰቡ በቀላሉ ስለ ተራባም ቃሉ አሸንፏል፤ እኛም አንቃወመውም። በነገራችን ላይ «መድረክ» በግእዝ የበር ደፍ ነው፤ ተዋናይ የሚቆምበትን ስፍራ ከቤትና ከደጅ መካከል ባለው ደፍ መሰየም ማንም ቢያስብበት ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

በአማራ ሳይንትና በቦረና ደጋ፣ እንደ ሌላውም የአማራ አገር ሁሉ፣ ሰው ሌላ ሰው የሚሆንባቸው ሥርዓቶች ነበሩ፤ በከፊልም አሉ። በጥንቱ የትልቅ ሰው ለቅሶ የሟቹ ፈረስ፣ ልብሱና ጋሻው ይወጣል፤ አልቃሿ ስለ ሟቹ በእርሱ አፍ፣ በሚስቱ አፍ፣ አንዳንዴም በፈረሱ አፍ ትናገራለች። ሕዝቡ የሚያለቅሰው ማን እየተናገረ እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው፤ አልቃሿ አንድ ነገር ብታሳስት፣ የሟቹን ጠባይ የማይመስል ቃል በአፉ ብታኖር፣ ለቅሶው ይበርዳል። የሚታመን ሰው የመፍጠር ፈተና በዚያ ሜዳ ላይ ወዲያው ይፈረዳል።

በፉከራ ደግሞ ጦረኛው በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የወሎው ሚካኤል አባ ሻንቆ ነበሩ። የፈረስ ስም ከክርስትና ስምና ከቤት ስም የተለየ ሦስተኛ ስም ነው፤ ሰውየው በአደባባይና በጦር ሜዳ የሚሆነውን ሰው የሚጠራ። ቤቱ ሲገባ ይወልቃል።

ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው የዛር ቋንቋ ነው። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። ዛሩ ስም፣ አገር፣ ሃይማኖት፣ ማዕርግ አለው፤ የሚወደው ሽቱና የሚለብሰው ቀለም ይታወቃል፤ ሲነሣም በራሱ ፉከራ ይፎክራል፤ ፈረሱም ያጓራል። በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ከአካሄዱና ከድምፁ የትኛው ዛር እንደ መጣ ይለያሉ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር ያየውን መርምሮ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዛር ውስጥ የሚጫወቱት ቴአትርና የሚኖሩት ቴአትር እንዴት እንደሚቀላቀሉ አሳይቷል። ሌሪስ የተነጋገረው ከጎንደር ሰዎች ጋር ቢሆንም፣ ዛር በወሎም ከቡናው ሥርዓትና ከወዳጃው ጎን የኖረ ነው። እዚህ ላይ እምነቱ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለው የእኛ ጥያቄ አይደለም። ቃሉን ግን እንያዝ፤ በፉከራ ሰው የፈረሱን ስም ይወስዳል፣ በዛር ሰው ራሱ ፈረስ ይሆናል። ጋላቢና ፈረስ፣ ገጸ ባሕርይና ተዋናይ! ስታኒስላቭስኪ በብዙ ገጽ የደከመበትን ዝምድና ይህ አንድ ምሳሌ ይሸከመዋል። ልዩነቱ የመድረክ ፈረስ ልጓሙን ራሱ መያዙ ነው።

ይህ ሁሉ የቃል ሀብት ሳለ የአማርኛ ቴአትር የተጀመረው በሌላ በር ነው። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ያሳዩት ተውኔት የአውሬዎች ኮሜዲያ ነበር። ሰዎቹ አውሬዎች ናቸው፤ ሥሩም የላ ፎንቴን ተረት ነው። አውሬ በተረት ውስጥ አንድ ባሕርይ ብቻ ስለሚሸከም፣ «ገጸ ባሕርይ» የሚለው ቃል፣ ያኔ ባይኖርም፣ ለዚያ ተውኔት እንደ ተለካ ልብስ በሆነ ነበር፤ ቀበሮ የተንኰል ገጽ ነው፣ ሌላ አይፈለግበትም። ተውኔቱ ግን መኳንንቱን ስለ ነካ ቴአትር ለጥቂት ዓመታት ተከለከለ። ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት የወጣው ዮፍታሔ ንጉሤም በኋላ ተማሪዎችን እያሠለጠነ ባሳያቸው ተውኔቶች ሰውን የሐሳብ ምሳሌ አድርጎ ማቆምን ቀጠለ፤ «አፋጀሽኝ» የሚለው ርእስ ራሱ የሰው ስምም ነው፣ ክስም ነው። በ1927 ዓ.ም. በተቋቋመው በሀገር ፍቅር መድረክም ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴቶችን ድርሻ ወንዶች ይጫወቱ ነበር። ተመልካቹ ምሳሌውን ይከታተላል እንጂ ያችን ሴት ሴት ናት ብሎ እንዲያምን አልተጠየቀም።

በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት የታሪክና የመጽሐፍ ቅዱስ ታላላቆች መድረኩን ያዙ። ሌላ ዓይነት ሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» ቃሉን ከአፉ ስንሰማ የምናውቀውን ጎረቤት አመጣ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«የከርሞ ሰው» የከተማውን ችግረኛ አመጣ፣ ሼክስፒርንም ተረጐመ። ተስፋዬ ገሠሠ ከአሜሪካ፣ ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ ከሀንጋሪ ተምረው ሲመለሱ፣ ጥያቄው «ቃሉን ምን ያህል አሳምሮ ተናገረ?» ከሚለው ወጥቶ «ሰውየው ለምን እንዲህ አለ?» ወደሚለው ዞረ። ወጋየሁ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲያነብ የሰማ ሰው፣ ፊት ሳይታይ በድምፅ ብቻ ስንት ሰው መሆን እንደሚቻል ያውቃል። «ገጽ» በሌለበት የተሠራ ገጸ ባሕርይ ነበር።

የሙያ ቃላቱ አስፈላጊነት የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1971 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፈተ፤ በአማርኛ ማስተማር ሲመጣም መምህሩ ቃል ያስፈልገዋል። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛው (1962 ዓ.ም.) ከዚህ ዘመን በፊት የታተሙ ስለሆኑ ሥሩን ይሰጣሉ እንጂ የሙያውን ቃል አይሰጡም። ደበበ ሰይፉ በ1973 ዓ.ም. ያሳተመው «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» ቃላቱን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ በሥራ ያዋለ መጽሐፍ ነው፤ መቼንና የትን አጣምሮ «መቼት» የሚለውን ቃል ስናነሣ የሙያው ሰዎች የእርሱን ስም አብረው ያነሣሉ። መቼት ከሁለት የጥያቄ ቃላት ስለ ተሠራ ማንም ገበሬ ይረዳዋል። ገጸ ባሕርይ ግን የሊቃውንት ቃል ሆኖ ቀረ።

ቃሉ በተግባር ምን እንደሚያደርስ በአንድ ታሪካዊ ሰው ላይ እንየው። ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የሞተባት መቅደላ ከአማራ ሳይንት ደጋ ብዙ አትርቅም። የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው በ1940ዎቹ፣ ከእርሱም በኋላ ጸጋዬ ስለ ቴዎድሮስ ተውኔት ጽፈዋል፤ በሁለቱም አንድነትን አልሞ ለክብሩ የሞተ ጀግና ነው። የወሎ ሰው ግን ከ1847 ዓ.ም. ጀምሮ ተደጋግሞ የዘመተበትን፣ የምርኮኛ እጅና እግር ያስቈረጠውንም ቴዎድሮስ ያስታውሳል። ተዋናዩ «ቴዎድሮስ የጀግንነት ገጽ ነው» ብሎ ከተነሣ ቃሉ ራሱ ይተባበረዋል፤ ደረቱን ይነፋል፣ ዐይኑን ያጉረጠርጣል፣ ይበቃዋል። «ቴዎድሮስን ሆኜ» ብሎ ከተነሣ ግን ስለዚያ እጅ መቍረጥ ራሱን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል፤ ያን ያደረገው ሰው ሌሊት እንዴት ተኛ? በአጅባር ወይም በመካነ ሰላም አዳራሽ የተቀመጠ ተመልካች የሚያምነው ይህን የተጠየቀውን ሰው ነው።

የስታኒስላቭስኪን ቃላት ለሚተረጕሙ ባልደረቦቻችን ከዚህ የምናቀርበው ጥቂት ነው። ተዋናዩ ከልምምድ በፊት የሚይዘውን፣ ደራሲው የደነገገውን ሁኔታ «የተሰጠ ሁኔታ» ማለት በቂ ነው። ከንግግር በታች ለሚሄደው ሐሳብ ግን ቃል በቃል መተርጐም አያስፈልግም። ቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ፣ ውስጠ ወይራም የሚል ስም አለውና፣ «የዚህ ቃለ ተውኔት ሰሙ ምንድር ነው? ወርቁስ?» ተብሎ የተጠየቀ የአማርኛ ተዋናይ ጥያቄውን ለማስረዳት ሌላ ትምህርት አይፈልግም። ጠባይን በተመለከተ አማርኛ ራሱ ደረጃ አለው። ባሕርይ የማይለወጠው ነው፤ ጠባይ በአያያዝ የሚታየው ነው፤ ዐመል የለመደው፣ ሳያስበው የሚያመልጠው ነው፤ ሰውን ከመካከል የሚያወጣው ዐመል መሆኑን ተረቱም ይመሰክራል። ተዋናይ ሥራውን ከዐመል ጀምሮ ወደ ባሕርይ ቢወርድ ከተገላቢጦሹ ይልቅ ይቀናዋል። «ክብ» እና «ጠፍጣፋ» ገጸ ባሕርይ ማለትን ግን አንደግፍም፤ የኢ. ኤም. ፎርስተር ምሳሌ በራሱ ቋንቋ የተዋጣለት ነው፣ በአማርኛ ግን ጠፍጣፋ የምንለው ድንጋይና ምጣድ ነው።

የአነጋገር ነገር ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ አንዱን ሳንጠቅስ ግን አናልፍም። በመድረክና በሬዲዮ የወሎ ሰው ሲመጣ «አብሽር» እና «ጀባ» ይላል፣ ተመልካች ይስቃል፣ በዚያው ያበቃል። ሁለት ቃል ሰውን ወሎዬ አያደርገውም። የሳይንት ቄስ፣ የቦረና ሼክና ከዓባይ ቆላ የወጣ ነጋዴ በአንድ አነጋገር አይናገሩም። ሽማግሌ ሲያዩ የሚጠሩበት ቃል፣ ለቅሶ ደርሰው የሚያጽናኑበት ቃል፣ ሲማሉ የሚጠሩት ስም ይለያያል። ይህን ለይቶ የሚመዘግብ የቃል ሰብሳቢ ሥራ ለመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን ለጸሐፌ ተውኔትም ነው።

በመዝገበ ቃላት ሥራ ላይ የምናቀርበው አሳብ እንግዲህ «ገጸ ባሕርይ» ይፋቅ የሚል አይደለም። ቃሉ ሥር ሰድዷል፣ ለሂስና ለትምህርትም ይጠቅማል። በተውኔት ውስጥ ላለው ሰው በአጠቃላይ ገጸ ባሕርይ፣ ለተዋናዩ ለተሰጠው ድርሻ ሚና፣ ለዚያ ሰው ውስጣዊ አኳኋን ጠባይ ተብሎ ይለይ፤ «የገጸ ባሕርዩ ባሕርይ» የሚለውም ከትርጕም መጻሕፍት ይውጣ። አጻጻፉም ይጠበቅ። ዛሬ በብዛት «ገፀ ባህሪ» ተብሎ ሲጻፍ ጸ በፀ፣ ሕ በህ ይለወጣል፤ ከዚህ የከፋው ግን የመጨረሻው «ይ» መውደቁ ነው። ባሕርይ ምንነት መሆኑ ቀርቶ ተራ አድራጎት ሆኗልና፣ አንባቢ ቃሉን «የአድራጎት ፊት» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም።

ቃል ሰብሳቢዎች በአጅባርና በመካነ ሰላም ዙሪያ በሚሠሩበት ጊዜ ከስሞቹ ይልቅ ግሦቹን፣ ግሦቹንም ከነዐረፍተ ነገራቸው እንዲይዙ እንጠይቃለን። «ሆነ»፣ «መሰለ»፣ «ሰፈረበት»፣ «ተነሣበት»፣ «ተላበሰ»፤ ማን፣ ስለ ማን፣ በለቅሶ ይሁን በሰርግ ወይም በዛር ቤት እንደ ተናገረው ከነድምፁ ተቀድቶ ይቀመጥ። አልቃሾቹ እያረጁ ነው፤ ብዙዎቹም ልጆቻቸውን ይህን ሙያ አላስተማሩም።